እጅ አስታጣቢው

«መጡ! በድልድዩ በኩል መጡ! በትራችሁን ያዙ!»

ሽማግሌው ካዲርቁል እንዲህ ብሎ ሲጮህ፣ አጥር ጥግ ተቀምጠው ሻይ ፉት ሲሉ የነበሩት ወንዶች ብድግ ብድግ አሉ። የወገባቸውን መቀነት አጠበቁ፤ የአኻያ በትራቸውን አነሱና ከሱፉ ድንኳን በር በስተቀኝ ተሰለፉ። ድንኳኑ ውስጥ የቶክቶሱን አስከሬን በመጋረጃ ተጋርዶ ተኝቷል። ከሰልፉ መጨረሻ ኩባት ቆሟል። ዕድሜው ወደ ሠላሳ ይጠጋል። ስሙ ጉልበት ማለት ነው፤ ቁመቱም ከሁሉም ይበልጣል፤ አቋቋሙ ግን ቢችል ራሱን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ የሚከት ሰው አቋቋም ነው።

ወጉ ቀላል ነው፤ ለሌላው ሰው። ለቀስተኛ ከሩቅ እየጮኸ ይመጣል። የቤቱ ወንዶች በትር ተደግፈው፣ እነሱም እየጮኹ ይቀበሉታል። ልጅ ከሆነ «ወይ አባቴ!» ይላል፤ ወንድም ከሆነ «ወይ ወንድሜ!» ይላል። ሴቶቹ ውስጥ ሆነው ሙሾ ያወርዳሉ። ዝም ብሎ እንባ ማፍሰስ እዚያ አገር ለቅሶ አይባልም። ለቅሶ ማለት ድምፅ ነው። ድምፁ ያልተሰማ ልጅ አባቱን አላለቀሰም፤ አባቱን ያላለቀሰ ልጅ ደግሞ ወሬው ለልጅ ልጁ ይተርፋል።

ለቀስተኞቹ ቀረቡ። ሰልፉ በአንድ አፍ «ወይ አባቴ! ወይ ተራራዬ! ወይ መከታዬ!» ብሎ አስተጋባ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የሟቹ ታላቅ ልጅ የሜደር ድምፅ ነበር። የከባድ መኪና ሹፌር ነውና የሞተር ድምፅ ጥሶ መናገር ያውቅበታል።

ኩባትም አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም።

ደግሞ ሞከረ። ከለቀስተኞቹ መካከል አንዲት ሴትዮ ቀና ብላ ስታየው አያት፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ አልቻለም። አፉን እንደከፈተ ቀረ። እንባው ራሱ ደነገጠና ተመለሰ።

«ይኼ ያ የአያት ልጅ አይደለም እንዴ?» አለች ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ወደ ድንኳኑ ስትገባ፣ ለጓደኛዋ በሹክሹክታ። ሹክሹክታ ይሉታል እንጂ ለመስማት ጆሮ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

«እሱ ነው። አንጀቱ ድንጋይ ነው በይኝ!»

«እንዲያ አሞላቅቀው አሳድገውት!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶክቶሱን ለኩባት አያቱ ነው፤ አባቱም ነው። በእነሱ ወግ የበኩር ልጅ ለአያት ይሰጣል። ሜደር የመጀመሪያ ልጁ ጡት እንደተወ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣና ለእናትና ለአባቱ ሰጠ። ከዚያ ወዲያ ኩባት አያቱን «አባባ»፣ ሴት አያቱን «እማማ»፣ የወለደውን አባቱን ደግሞ «ጋሼ» እያለ አደገ። እማማ ከሞተች ቆይታለች። ሜደርም ቢሆን «ልጄ» ብሎት አያውቅም፤ ነውር ነዋ! የሰጡትን አይጠሩትም። ታናሽ ወንድም ነው ያለው፣ እንደ ታናሽ ወንድምም ይቆጣዋል።

ለቀስተኞቹ ሲገቡለት ሜደር የኩባትን ክንድ ይዞ ወደ እንጨቱ ክምር ጀርባ ወሰደው።

«ምን ሆንክ አንተ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«አባባን አትወደውም ነበር?»

ኩባት ቀና ብሎ አየው። ያሳደገውን የማይወድ ማን አለ?

«ሰው አየኝ» አለ በመጨረሻ።

«ታዲያ ሊያይህ አይደል እንዴ የመጣው! ደንቆሮ ነው ብለህ ነው፣ ዕውር ነው ብለህ?» ሜደር ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ዓይኑ በልቅሶ ብዛት አብጧል። «ስማ፤ ነገ ከቀትር ሶላት በኋላ ጀናዛው ይወጣል። ከወጣ በኋላ ብታለቅስ ለእኛ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም። ትችላለህ ወይስ አትችልም?»

ኩባት መሬት መሬቱን አየ።

«እሺ፤ ተወው» አለ ሜደር። ድምፁ ረገብ ብሎ ነበር፤ ይኼ ደግሞ ከቁጣው ይብሳል። «ማንቆርቆሪያውን ያዝ። እጅ አስታጥብ። እሱን እንኳ ታውቅበታለህ።»

በለቅሶ ቤት እጅ የሚያስታጥበው የልጅ ባል ነው፤ ወይም የጎረቤት ጎረምሳ። የሟች ልጅ አያስታጥብም። ኩባት ይህን ያውቃል። ሆኖም ማንቆርቆሪያውን ሲቀበል እፎይ አለ። እፎይ ማለቱ ነው ኋላ ሲያንገበግበው የዋለው።

ያ የመዳብ ማንቆርቆሪያ ጎኑ የተሰረጎደ ነው። ኩባት ገና ትንሽ ልጅ እያለ፣ በአንድ ድግስ ላይ እንግዶቹ መሃል አቁመውት ነበር። «በል እስቲ ዝፈንልን!» ይላል አንዱ። «ስምህን ጮክ ብለህ ንገረን!» ይላል ሌላው። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ትልቅ ሰው ዓይን አፋር ልጅ ሲያይ ካላስጨነቀው ደስ አይለውም። ልጁ ሱሪው ላይ ሸና። ሳቅ ሊፈነዳ ሲል ቶክቶሱን ብድግ አለና ማንቆርቆሪያውን ከነውሃው ልጁ ላይ ደፋው። «ወይ እኔ! እጄ ዛለ፤ ልጁን አበሰበስኩት!» አለ። ማንቆርቆሪያው ድንጋይ ላይ ወድቆ ተሰረጎደ። ሁሉም በሽማግሌው ሳቀ። ማንም ስለ ሱሪው አላወቀም።

ልብሱን ከቀየረለት በኋላ ያንኑ ማንቆርቆሪያ ሞልቶ አስያዘው። «በል አስታጥብ» አለው። «ሰው እጁን ሲታጠብ የሚያየው ውሃውን ነው፤ አንተን አያይህም። ሁለት ነገር ብቻ እንዳትረሳ። ከትልቅ ጀምር። ሲጨርሱ ደግሞ ፎጣውን ቶሎ አቀብል፤ ከእጅ ላይ ውሃ ማራገፍ በእኛ ቤት ነውር ነው።»

እንዲህ ሆኖ ኩባት በሰው መሃል የሚቆምበት መላ አገኘ። ሠርግ ሲሆን ያስታጥባል፤ ግርዛት ሲሆን ያስታጥባል። ያለ ማንቆርቆሪያ ግን ወዮለት! ጨው ለመግዛት ሱቅ ሲሄድ መንገዱን ሙሉ «ሰላም ዋላችሁ፤ አንድ ኪሎ ጨው» የሚለውን ያጠናል። ሱቁ በር ላይ ሰው ካየ በአትክልቱ ጀርባ ዞሮ ባዶ እጁን ይመለሳል። ቶክቶሱን አንድም ቀን «ጨዉስ?» ብሎ አልጠየቀውም። ወጡን ያለ ጨው በልቶ «ዛሬስ ጣፈጠ» ይላል።

እናም ኩባት ያን ቀን አመሻሹን ሲያስታጥብ አመሸ። ፎጣ በትከሻው፣ ሳህን በግራው፣ ማንቆርቆሪያ በቀኙ። የሚታጠቡት «ዕድሜ ይስጥህ»፣ «አላህ ያጽናችሁ» ይሉታል፤ እሱ አንገቱን ብቻ ይነቀንቃል። አንድ ቦርጫም ጎረቤት እጁን እያሻሸ፣ «አይ ኩባት! ስንት ዘመን ሙሉ አጠብከን፤ አሁንም አልጠራንም ማለት ነው?» አለ። ዙሪያው ያሉት ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ፈገግ አሉ። ኩባትም ፈገግ አለ። ጥሩ መልስ የመጣለት ሰውየው በልቶ፣ መርቆ፣ ቤቱ ከገባ በኋላ ነበር። መልስ እሱ ዘንድ ሁልጊዜ አርፍዶ ነው የሚመጣው።

በማግስቱ ጠዋት የሟች ልጅ ቡሩል ከድንኳኑ ወጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ጉንጯን ነጭታዋለች። ሙሾ ስታወርድ ሰንብታ ድምፅዋ ተዘግቷል። ኩባት ከጋን ላይ ለብ ያለ ውሃ ቀድቶ ሰጣት።

«እትዬ፣ ትንሽ እረፊ። ድምፅሽ እኮ ጠፋ።»

«ይጥፋ» አለች በሻከረ ሹክሹክታ። «ለማን ላስቀምጠው? ዛሬ ይወጣብኛል።» ውሃውን ተጎነጨችና በጎን አየችው። «አንተስ?»

ኩባት፣ ምን እንዳናገረው እሱም አያውቅም፣ «እኔ ብጮህስ አባባ ይሰማኝ ነበር?» አለ። «በደህና ጊዜው እንኳ በግራ ጆሮው አይሰማም።»

«የቱ ግራ ጆሮ?»

«የማይሰማው ነዋ! የደነቆረው።»

ቡሩል ኩባያውን ይዛ ቀረች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ሐዘንተኛ ናትና ቶሎ ብላ አፏን በሻሽዋ ጫፍ ያዘች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

«አንተ የዋህ! አባባ መቼ ደንቁሮ ያውቃል? የጎረቤት ንብ ስትነሳ ከእንቅልፉ የሚነቃ ሰው! እኔና እማማ ወጥ ቤት ሆነን ስናማው እኮ፣ ከጓሮ ገብቶ 'ሰምቻችኋለሁ' ይለን ነበር።»

«ታዲያ ሸለቆው ላይ…»

«አንተን ለማስጮህ ነዋ! እማማ 'ምነው ልጁን ታለፋዋለህ' ስትለው ምን ይል ነበር መሰለህ? 'ድምፅ አለው፤ እኔ ካላስጮህኩት ይዝግበታል' ይላል።» ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ። ኩባያውን መለሰችለትና ወደ ድንኳኑ ገባች።

ኩባት ኩባያውን እንደያዘ ቆመ።

የንቦቹ ቀፎ ያለው ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ከሸለቆው ማዶ ነው። ቶክቶሱን ንብ አናቢ ነበር፤ እዚያ ይውላል። ሻይ ሲደርስ ኩባት ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ወጥቶ ይጠራዋል። እዚያ የሚያየው ሰው የለም። ነፋስና ድንጋይ ብቻ ነው። «አባባ—ኦይ! ሻይ ደርሷል!» ይላል። ማዶ ያለው ሽማግሌ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ «አልሰማሁም!» ይላል። ኩባት ከፊተኛው አስበልጦ ይጮኻል። «አልሰማሁም!» ይላል አሁንም። ሦስተኛው ላይ ኩባት ደረቱን ነፍቶ፣ ሳንባው እስኪሰነጠቅ ሲጮህ፣ ተራራው ራሱ «ሻይ ደርሷል!» ብሎ ይመልሳል። ያኔ ብቻ ሽማግሌው ተነስቶ፣ ልብሱን አራግፎ፣ ቀስ እያለ ይመጣል። ከልጅነቱ ጀምሮ እስካለፈው ሳምንት ድረስ እንዲህ ነበር። ኩባት አንዳንዴ ይናደድ ነበር። ለደንቆሮ ሰው መናደዱ ኋላ ይጸጽተው ነበር።

ሰምቶኝ ኖሯል፣ አለ በልቡ። ሁልጊዜም ሰምቶኝ ኖሯል።

ረፋዱ ላይ አማቾች በትልቅ አውቶብስ መጡ። ሰልፉ ጮኸ፤ እነሱም ጮኹ። ከዚያ ወጉ ነውና፣ ወንዶቹ ተከፋፍለው እንግዶቹን ምሳ ወደ ተሰናዳባቸው ጎረቤቶች ቤት ይዘዋቸው ሄዱ። ካዲርቁል ከሼኹ ጋር መቃብሩን ሊያይ ወጣ። ሜደር ጓሮ ሆኖ እንደ ወጋቸው ለእንግዶች የታረደውን ፈረስ ሥጋ ያከፋፍላል። በትሮቹ ድንኳኑን ተደግፈው ቀሩ። ግቢው ውስጥ ኩባት ብቻ ሳህኑን እያለቀለቀ ነበር።

ድምፁ የመጣው ሰው ከሚጠብቅበት ከድልድዩ ሳይሆን ከመስኖው ቦይ በኩል ነው።

«ወይ ወንድሜ! ወይ ጉበቴ!»

ኩባት ዞረ። አህያ በሚያህል ትንሽ ፈረስ ላይ አንድ ሽማግሌ እየመጣ ነው። በቀሚሱ ላይ የንብ ሰም ጠብ ጠብ ብሎበታል፤ ቤይሼን ነው፣ ከተራራው ወዲያ ያለው የቶክቶሱን ንብ አናቢ ባልንጀራ። መርዶው የደረሰው ዘግይቶ መሆን አለበት። ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ ነው የመጣው።

«ወይ ወንድሜ! ወይ ጉበቴ!» አለ ሽማግሌው ደግሞ፤ የቤቱን ወንዶች ድምፅ እየጠበቀ። እዚያ አገር የሚወዱትን ወንድም «ጉበቴ» ይሉታል።

የሚመልስ የለም። ከድንኳኑ ውስጥ ቡሩል ሙሾ ጀመረች፤ የተዘጋ ድምፅዋ ግን ከሱፉ ግድግዳ አላለፈም። ኩባት ወደ ጓሮ አየ፣ ወደ ጎረቤት አየ። ማንም የለም። ከወጥ ቤቱ በር ግን ሴቶች አንገታቸውን አውጥተዋል። ትናንት ጓደኛዋን «አንጀቱ ድንጋይ ነው» ያስባለችው ሴትዮም አለችበት። ሁሉም የሚያዩት እሱን ነው።

የሰው ፊት እሳት ነው ይባል የለ? ኩባትን ከእግር እስከ ራሱ ለበለበው። ሊሮጥ ይችል ነበር። ጓሮ ድረስ ሮጦ «ጋሼ፣ ሰው መጥቷል» ሊል ይችል ነበር፤ ሲኖር የኖረው እንዲያ ነው።

ሽማግሌው ፈረሱን አቆመ። ለሦስተኛ ጊዜ «ወይ ወንድሜ…» ብሎ ጀመረና መሃል ላይ ድምፁ ሞተ። ለቅሶው ያልተመለሰለት ሰው በር እንደተዘጋበት ሰው ነው። ልጓሙን ይዞ ግራ ተጋባ፤ ቤት የተሳሳተ መሰለው።

ኩባት ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠ።

እጁ ባዶ ሆነ። ከድንኳኑ ጎን ካሉት በትሮች አንዱን አነሳና በሩ አጠገብ ቆመ። ምን ልበል? ወይ አባቴ ልበል ወይስ ወይ አያቴ? ሴቶቹንም ሽማግሌውንም ትቶ ከራሳቸው በላይ አሻግሮ አየ። ማዶ፣ ከሸለቆው ወዲያ፣ ቀፎዎቹ ተደርድረዋል።

«አባባ—ኦ—ኦይ!»

ለቅሶ አልነበረም። የሻይ ጥሪ ነበር። ድምፁ ግቢውን ሞልቶ ወጣና ሸለቆውን ተሻገረ። የቤይሼን ፈረስ ጆሮውን አቆመ። ኩባት በልማዱ ዝም ብሎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ መልሱን ጠበቀ።

«አልሰማሁም!» የሚል አልነበረም።

አባባ መሞቱን ኩባት ያወቀው ያኔ ነው። አስከሬኑን አይቷል፣ አጥበው ሲገንዙት ቆሟል፣ ያወቀው ግን ያኔ ነው።

«አባባ! አባባ—ኦይ! ወይ አባቴ! በል 'አልሰማሁም' በለኝ እንጂ! አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ ብቻ!»

በትሩ ላይ ተደፍቶ ጮኸ። ተራራው መለሰ። ከድንኳኑ ውስጥ ቡሩል በተሰነጠቀ ድምፅዋ ተቀበለችው፤ ሴቶቹም ተከተሏት። ከየጎረቤቱ ወንዶች ጉርሻቸውን እንኳ ሳይውጡ እየሮጡ መጡ። ቤይሼን ከፈረሱ ወርዶ፣ «ወይ ጉበቴ! ወይ ወንድሜ!» እያለ በትሩንም ኩባትንም አንድ ላይ አቀፈ። የማርና የፈረስ ላብ ይሸታል። ሲላቀሱ ቆዩ።

«ልጁ ነህ?» አለ ሽማግሌው ሲለቀው፣ ዓይኑን እየጠረገ።

«አዎ» አለ ኩባት። «ልጁ ነኝ። ይግቡ፣ አባቴ፤ መንገድ አድክሞዎታል።»

ይኼን ካለ በኋላ ዙሪያውን ቢያይ፣ ግቢው ሞልቶ ሁሉም እሱ ላይ አፍጥጠዋል። ፊቱ ጋለ። እንደ እረኛ ነው የጮህኩት፣ አለ በልቡ፤ ለሰው የሚሰማ ነገር ነው እንዴ «በል አልሰማሁም በለኝ» ማለት? ደግሞ እኮ ተራራው ደገመው። ለዚህ ነገር ገና ብዙ ሌሊት እንቅልፍ እንደሚያጣ አወቀ። ከዓይናቸው የሚሸሸግበትን ፈልጎ፣ ማንቆርቆሪያውን ወዳስቀመጠበት ሄደ። እንግዳ መጥቷል፤ እጅ መታጠብ አለበት።

ማንቆርቆሪያው የለም።

ቀና ሲል ሜደርን አየው። ሜደር ማንቆርቆሪያውን ይዟል፤ ፎጣው ትከሻው ላይ ነው። ያ የከባድ መኪና ሹፌር፣ የሟች ታላቅ ልጅ፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ቤይሼንን እያስታጠበ ነው። ሲጨርስ ወደ ኩባት መጣ። ቦርጫሙ ጎረቤት አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ታላቅ ለታናሽ ውሃ አያፈስም፤ አባትም ቢሆን፣ ወንድምም ቢሆን።

«ጋሼ፣ ተው እንጂ! አምጣው እኔ—»

«እጅህን» አለ ሜደር።

ኩባት እጁን ዘረጋ። በትሩን አጥብቆ ይዞት ኖሮ መዳፉ በአኻያው ቅርፊት አረንጓዴ ሆኗል። ውሃው ለብ ያለ ነበር። ሜደር ቀስ እያለ አፈሰሰ፤ እስኪጠራ ድረስ አፈሰሰ። ኩባት ውሃውን አላራገፈም፤ እንደዘረጋው ቆየ። ሜደር ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠና ፎጣውን ከትከሻው አወረደ፤ አላቀበለውም። የሁለቱንም እጆቹን ጣቶች፣ ሕፃን ልጅ እንደሚያደርቁ፣ አንድ በአንድ ያዘና አደረቃቸው።